ከግራፍ ላይ ሊሚትና አሲምቶት ማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳስጠና በየዓመቱ የሚመለሱብኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ይጀምራሉ።

ሊሚት ማለት ምንድን ነው? ግራፍ ላይስ የት ነው የሚታየው?

የድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ሰፈሮች የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ አስቡት። አንዱ ከከዚራ፣ ሌላው ከመጋላ ተነስተው ወደ ድልድዩ መሐል እየተጠጉ ነው። ሁለቱም የሚያመሩት ወደ አንድ ቦታ ከሆነ ያ ቦታ ሊሚት ነው። ድልድዩ መሐሉ ላይ ተቦርቡሮ እግር የማያስረግጥ ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ የሚያመሩበት ቦታ ያው ነው። ሊሚት "ወዴት እየሄዳችሁ ነው?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ "ደረሳችሁ ወይ?" አይልም። ይህችን ልዩነት የያዘ ተማሪ ከታች ካሉት ጥያቄዎች ግማሹን ራሱ ይመልሳቸዋል።

ግራፍ ላይ ሥራው የእርሳስ ነው። "ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው?" ከተባላችሁ የእርሳሱን ጫፍ ከ3 በስተግራ፣ ግራፉ ላይ አስቀምጡና መስመሩን ተከትላችሁ ወደ 3 ውሰዱት። የደረሳችሁበትን ከፍታ ከዋይ አክሲስ አንብቡ። ከዚያ ከቀኝ በኩል ጀምራችሁ ድገሙት። ሁለቱም ጊዜ ከፍታው 5 ከሆነ ሊሚቱ 5 ነው። መልሱ ከዋይ አክሲስ እንደሚነበብ አትርሱ፤ "ሊሚቱ 3 ነው" የሚል ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም።

ክፍት ክብና የተሞላ ነጥብ አንድ ላይ ካየሁ የትኛውን ልውሰድ?

የተጠየቃችሁት ምን እንደሆነ እዩ። ሊሚት ከሆነ መንገዱን ተከተሉ፤ መንገዱ ክፍት ክብ ላይ ቢያደርሳችሁም የክቡ ከፍታ መልስ ነው። የተጠየቀው ኤፍ(3)፣ ማለትም ኤክስ 3 ሲሆን ፈንክሽኑ ያለው ዋጋ ከሆነ ግን የተሞላውን ነጥብ ፈልጉ። ለምሳሌ ኤክስ 3 ሲሆን ክፍቱ ክብ 5 ከፍታ ላይ፣ የተሞላው ነጥብ ደግሞ 1 ከፍታ ላይ ካለ ሊሚቱ 5፣ ኤፍ(3) ግን 1 ነው። ሁለቱ ስላልተስማሙ ፈንክሽኑ እዚያ ቦታ ላይ ኮንቲኒየስ (ያልተቋረጠ) አይደለም።

አንዲት ተማሪ "ታዲያ ያቺ ለብቻዋ የተቀመጠች ነጥብ ለሊሚቱ ምን ትሠራለች?" ብላኛለች። ምንም አትሠራም። ፈተና አውጪው ያስቀመጣት እናንተን ለማሳሳት ነው፤ ያም ሥራ ከተባለ።

ከግራና ከቀኝ የተለያየ ከፍታ ላይ ከደረስኩስ?

"ሊሚቱ የለም" ብላችሁ ጻፉ። ከግራ 2፣ ከቀኝ 4 ሲያገኙ አማካዩን ወስደው 3 የሚሉ አሉ፤ ሊሚት ሽምግልና አያውቅም። የግራ ሊሚት 2፣ የቀኝ ሊሚት 4 እያላችሁ ለየብቻ መጻፍ ግን ትክክል ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥያቄው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አሲምቶት ምንድን ነው?

ግራፉ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየተጠጋው የሚሄደው ቀጥታ መስመር ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሆሪዞንታል የሚባለው አግድም የተኛው፣ ቨርቲካል የሚባለው ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ኦብሊክ የሚባለው ደግሞ ያዘነበለው ነው።

ሆሪዞንታሉን ለማስረዳት ድሬ ላይ ብዙ ቃል አያስፈልግም። አቦ፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። 5 ዲግሪ የነበረ ሃይላንድ ከፍሪጅ ወጥቶ 35 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆመ እንበል። በውሃውና በክፍሉ መካከል ያለው ልዩነት 30 ዲግሪ ነው። ይህ ልዩነት በየ10 ደቂቃው በግማሽ የሚቀንስ ከሆነ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ውሃው 20፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ 27.5፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ 31.25 ዲግሪ ይሆናል። ወደ 35 እየተጠጋ ይሄዳል፤ ስሌቱ ላይ ግን የሚቀር ቁራጭ ሁልጊዜ አለ። ግራፉን ብትስሉት ዋይ = 35 ሆሪዞንታል አሲምቶት ነው።

ለቨርቲካሉ የሐረር መንገድ ይበቃል። ከድሬዳዋ ሐረር 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚፈጀው ሰዓት 54 ለፍጥነቱ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ 1 ሰዓት፣ በ27 ለሚነዳ 2 ሰዓት። ደንገጎ ዳገት ላይ ጭነት ከብዶት በ6 የሚያዘግም የጭነት መኪና ሙሉውን መንገድ እንዲያ ቢሄድ 9 ሰዓት፣ በ1 ቢሄድ 54 ሰዓት፣ በ0.1 ቢሄድ 540 ሰዓት ይፈጅበታል። ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ሰዓቱ ያለ ገደብ ይወጣል፤ ስለዚህ ኤክስ = 0 ቨርቲካል አሲምቶት ነው። በሌላው ጫፍ ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ዋይ = 0 ሆሪዞንታሉ ነው። አንዱ ግራፍ ሁለቱንም ይዟል።

አሲምቶቱን የሚያሳየው የተቆራረጠ መስመር ካልተሰመረልኝ ቨርቲካል አሲምቶትን እንዴት ልለየው?

የተቆራረጠው መስመር የግራፉ አካል አይደለም፤ ለአንባቢ የተደረገ እርዳታ ነው። ሳይኖር ሲቀር የምትፈልጉት ግራፉ ወደ አንድ ኤክስ ሲጠጋ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ከወረቀቱ የሚያመልጥበትን ቦታ ነው። ከአንድ በኩል ብቻ ቢያመልጥም ይበቃል። የሎጋሪዝም ግራፍ ለምሳሌ ከዜሮ በስተግራ ጭራሽ የለም፤ ከቀኝ በኩል ብቻ ቁልቁል ይወርዳል፣ ኤክስ = 0 ግን ያለ ጥርጥር ቨርቲካል አሲምቶቱ ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያወዛግብ አለ፦ 2 በ1/ኤክስ ከፍ ሲል። ኤክስ 0.1 ሲሆን 2 በ10 ከፍ ይላል፣ 1,024 ነው። ኤክስ 0.05 ሲሆን 1,048,576 ደርሷል። ከግራ ብትመጡ ግን ኤክስ −0.1 ሲሆን 1/1,024 ብቻ ነው፤ ወደ ዜሮ እየተኛ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ሜዳ። አሁንም ኤክስ = 0 ቨርቲካል አሲምቶት ነው።

መልሱን ስትጽፉ "2" ሳይሆን "ኤክስ = 2" በሉ። አሲምቶት መስመር ነው፤ መስመር የሚጻፈው በእኩልታው ነው።

ሽቅብ ካመለጠ ሊሚቱ ኢንፊኒቲ ነው ወይስ የለም?

ሁለቱም አባባል ከአንድ ቤት ነው፤ ክርክሩ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ኢንፊኒቲ ቁጥር ስላልሆነ "ቁጥር የሆነ ሊሚት አለው ወይ?" ከተባለ የለውም። "ሊሚቱ ኢንፊኒቲ ነው" ብለን ስንጽፍ ግን ሊሚቱ ለምን እንደጠፋ እየተናገርን ነው፦ ግራፉ ያለ ገደብ ወጥቷል።

ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ እንዲህ አድርጉ። 1/ኤክስ² ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከግራም ከቀኝም ሽቅብ ስለሚሄድ ኢንፊኒቲ የሚል ምርጫ ካለ እሱን ውሰዱ፤ የበለጠ የሚናገረው እሱ ነው። 1/ኤክስ ግን ከቀኝ ሽቅብ፣ ከግራ ቁልቁል ነው። ሁለቱ ወገን ስላልተስማማ መልሱ "የለም" ነው፤ ኢንፊኒቲን መምረጥ እዚህ ስህተት ነው።

ታሕቱ (ዴኖሚኔተሩ) ዜሮ በሆነበት ቦታ ሁሉ አሲምቶት አለ?

የለም። ነጥብ የሚያስጥል ስህተት ካለ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። (ኤክስ² − 4)/(ኤክስ − 2) ውሰዱ። ኤክስ 2 ሲሆን ታሕቱ ዜሮ ነው። ነገር ግን ላዕሉም (ኑመሬተሩም) ዜሮ ነው። 1.9 አስገቡ፣ 3.9 ታገኛላችሁ። 1.999 አስገቡ፣ 3.999። ከቀኝ 2.1 አስገቡ፣ 4.1። ማምለጥ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ወገን በሰላም ወደ 4 እየመጣ ነው። ግራፉ ቀጥታ መስመር ነው፤ (2፣ 4) ላይ ብቻ አንዲት ቀዳዳ፣ ማለትም ሆል አለችው። ሊሚቱ 4 ነው። ያ የደቻቱ ድልድይ ማለት ይህ ነው።

አሁን 1/(ኤክስ − 2)ን ጎን ለጎን አስቀምጡት። 1.9 ስታስገቡ −10፣ 1.99 ስታስገቡ −100፣ 2.01 ስታስገቡ 100። ይህኛው በእርግጥ አምልጧል። ላዕሉ ዜሮ ስላልሆነ የታሕቱን ጉልበት የሚቋቋም ነገር የለም።

ወጥመዱ ግን እዚህ አያበቃም። "ላዕልና ታሕት ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ሆል ነው" ብሎ የሸመደደ ተማሪ (ኤክስ − 2)/(ኤክስ − 2)² ሲመጣበት ይወድቃል። ሁለቱም ዜሮ ናቸው፤ ሲቀለል ግን 1/(ኤክስ − 2) ይቀራል፣ አሲምቶቱም ቁጭ ብሏል። ስለዚህ መጀመሪያ አቃልሉ፣ ከዚያ ታሕቱን እንደገና እዩት። ከተቃለለ በኋላም ዜሮ የሚያደርገው ኤክስ አሲምቶት ይሰጣል፤ ተሰርዞ ያለቀው ሆል ይሰጣል።

ግራፉ አሲምቶቱን መቁረጥ ይችላል? አይነካውም ተብለን ነበር።

ሆሪዞንታሉን ይችላል። "አሲምቶት ግራፉ ፈጽሞ የማይነካው መስመር ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በተባዛ ማስታወሻ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኔ ራሴም ተማሪ ሳለሁ ሸምድጄዋለሁ። ስህተት ነው። ሆሪዞንታል አሲምቶት የሚናገረው ስለ ጫፉ ብቻ ነው፤ ኤክስ በጣም ሲርቅ ምን እንደሚሆን። መሐል ላይ ግራፉ የፈለገውን ያደርጋል።

ማስረጃው ቅርብ ነው። ኤክስ/(ኤክስ² + 1) ወደ ዋይ = 0 ይጠጋል፦ ኤክስ 10 ሲሆን 0.099 ገደማ፣ 100 ሲሆን 0.01 ገደማ ነው። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ግን ራሱ ዜሮ ነው፤ አሲምቶቱን ቆርጦ አልፏል። ሳይን(ኤክስ)/ኤክስ ደግሞ ያንኑ መስመር እየቆረጠ፣ እየቆረጠ፣ ማለቂያ በሌለው ቁጥር እያቋረጠ ይጠጋዋል። የት እንደሚቆርጥ ለማወቅ ፈንክሽኑን ከአሲምቶቱ ጋር እኩል አድርጉ። (2ኤክስ² + ኤክስ − 1)/(ኤክስ² + 1) አሲምቶቱ ዋይ = 2 ነው፤ እኩል ስታደርጉት ኤክስ = 3 ይወጣል። 3ን አስገብታችሁ አረጋግጡ፦ 20 ለ10፣ ልክ 2።

ቨርቲካሉስ? የራሽናል ፈንክሽን (አንዱ ፖሊኖሚያል ለሌላው የተካፈለበት) ግራፍ ቨርቲካል አሲምቶቱን አይነካም፤ እዚያ ኤክስ ላይ ፈንክሽኑ ዋጋ የለውም። ለተለያየ ኤክስ የተለያየ ቀመር የተሰጠው (ፒስዋይዝ) ፈንክሽን ግን፣ ለምሳሌ "ኤክስ ዜሮ ካልሆነ 1/ኤክስ፣ ኤክስ ዜሮ ከሆነ 5" የተባለ፣ መስመሩ ላይ አንዲት ነጥብ ሊኖረው ይችላል። ከአንዲት በላይ ግን አይሆንም፤ አለበለዚያ ፈንክሽንነቱ ይቀራል።

አንድ ግራፍ ስንት አሲምቶት ሊኖረው ይችላል?

ቨርቲካል የፈለጋችሁትን ያህል፤ ታንጀንት ማለቂያ የለውም፣ በየፓይ ርቀቱ አንድ አለው። ሆሪዞንታል ግን ቢበዛ ሁለት ነው፣ አንድ ለግራ ጫፍ፣ አንድ ለቀኝ ጫፍ። የራሽናል ፈንክሽን ሁለቱ ጫፎች ወደ አንድ መስመር ስለሚሄዱ ብዙዎች ሁልጊዜ አንድ ይመስላቸዋል። ኤክስ ለ(ኤክስ² + 1) ስኩዌር ሩት ሲካፈል በቀኝ ወደ 1፣ በግራ ወደ −1 ነው የሚሄደው።

ጫፉ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ዳገት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ?

ኦብሊክ አሲምቶትን ጠርጥሩ። ራሽናል ፈንክሽን ላይ የሚመጣው የላዕሉ ዲግሪ ከታሕቱ በ1 ሲበልጥ ነው። (ኤክስ² + 1)/ኤክስ ብታካፍሉት ኤክስ + 1/ኤክስ ይሆናል፤ ኤክስ 10 ሲሆን 10.1፣ ኤክስ 100 ሲሆን 100.01። ትርፉ እየተነነ ዋይ = ኤክስ ይቀራል። ከግራፍ ስታነቡ በተቆራረጠው መስመር ላይ የካሬ ማዕዘን የሚነኩ ሁለት ነጥቦች ፈልጉና ዳገታማነቱን (ስሎፑን) ከእነሱ አውጡ፤ ከራሱ ከግራፉ ላይ አታውጡ።

ግራፉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጠፍጣፋ ከመሰለ ሆሪዞንታል አሲምቶት አለው ማለት ነው?

መምሰልና መሆን የሚለያዩበት ቦታ ይህ ነው። የናቹራል ሎግን ግራፍ ተመልከቱ፤ እየተኛ፣ እየተኛ ይሄዳል፤ አሲምቶት ግን የለውም። ምን ያህል እንደሚያታልል በባቡር መንገዳችን ልለካላችሁ። አንዱን አሃድ በ1 ሴንቲ ሜትር እየሳልን እርሳሱን ከአዲስ አበባ ጣቢያ እናስነሳው፣ በድሬዳዋ አድርገን የድሮውን ሐዲድ ተከትለን ጅቡቲ እናድርሰው። መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማለትም 78,400,000 ሴንቲ ሜትር። ጅቡቲ ስንደርስ ግራፉ ከሐዲዱ ምን ያህል ከፍ ብሎ ይሆን? 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንድ ስንዝር አይሞላም!

ያም ሆኖ እያደገ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለመድረስ 4,851 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ከዚያው ሐዲድ ከ6 እጥፍ በላይ። 100 በሉት፣ ሚሊዮን በሉት፣ የትኛውንም ከፍታ ብትጠሩ አንድ ቀን ያልፈዋል፤ ስለዚህ ሊሚቱ ኢንፊኒቲ ነው። ስኩዌር ሩትም እንዲሁ ነው፣ እሱ እንኳ ፈጠን ይላል። እኩልታው ከተሰጣችሁ እኩልታውን እመኑ። የተሰጠው ሥዕል ብቻ ከሆነ ደግሞ የተቆራረጠ መስመር ወይም ሊሚቱን የሚናገር ጽሑፍ ፈልጉ፤ ሁለቱም ከሌሉ ሠዓሊው ሊያሳይ የፈለገውን ከማመን ውጭ ምርጫ የላችሁም።

በስልኬ ስስለው አሲምቶቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል፤ ሆሉ ደግሞ አይታይም። ለምን?

መሳያው ግራፉን አያውቀውም። የተወሰኑ ነጥቦችን አስልቶ በመስመር ያገናኛል። አንዱ ነጥብ ከአሲምቶቱ በስተግራ በጣም ታች፣ ቀጣዩ በስተቀኝ በጣም ላይ ሲሆንበት አንዳንዱ መሳያ ሁለቱን ያጋጥማቸዋል፤ ያ ቀጥ ያለ መስመር የሐሰት ነው። ሆል በበኩሉ ስፋት የሌላት አንዲት ነጥብ ስለሆነች በሁለት ነጥቦች መካከል ተሸፍና ታልፋለች። ብታጎሉትም አትመጣም። አቃልላችሁ በእጃችሁ ክፍት ክብ አድርጉበት።

ግራፉ አያመልጥም፣ አይዘልልም፤ ግን ሊሚቱ የለም ተባልኩ። እንዴት?

ሳይን(1/ኤክስ) ሳይሆን አይቀርም። ኤክስ ወደ ዜሮ ሲጠጋ 1/ኤክስ ይፈነዳል፤ ሳይኑ ደግሞ በ1 እና በ−1 መካከል እየፈጠነ ይወዛወዛል። ዜሮ አጠገብ ወረቀቱ ጥቁር እስኪሆን ድረስ መስመሮቹ ይደራረባሉ። ወደ የትኛውም ከፍታ ስለማያመራ ሊሚት የለውም፤ ከወረቀቱ ስለማያመልጥም ቨርቲካል አሲምቶት የለውም። በኤክስ ብታባዙት ግን ውዝዋዜው በዋይ = ኤክስ እና በዋይ = −ኤክስ መስመሮች መካከል እየተጨቆነ ወደ ዜሮ ይገባል፤ ሊሚቱ 0 ይሆናል። የመጀመሪያው ሲሰጥ ሁለተኛውም ቢከተል አትገረሙ፤ ፈተና አውጪዎች ጥንዶቹን ይወዷቸዋል።

ግራፉን ሳይሰጡ መረጃውን ዘርዝረው "ሳል" ቢሉኝስ?

ያው ሥራ ተገልብጦ ነው። ለምሳሌ፦ ኤክስ ከግራ ወደ 1 ሲጠጋ ቁልቁል ያመልጣል፣ ከቀኝ ሲጠጋ ሽቅብ ያመልጣል፤ በሁለቱም ጫፍ ወደ 2 ይጠጋል፤ በ(0፣ 0) ያልፋል። መጀመሪያ ኤክስ = 1 እና ዋይ = 2ን በተቆራረጠ መስመር ሳሉ፣ (0፣ 0)ን አኑሩ። በግራ በኩል ከዋይ = 2 ሥር ተነስታችሁ፣ በ(0፣ 0) አልፋችሁ፣ 1 አጠገብ ቁልቁል ውረዱ። በቀኝ በኩል ከላይ ወርዳችሁ ዋይ = 2 ላይ ተኙ።

2ኤክስ/(ኤክስ − 1) ይህን ሁሉ ያሟላል፦ ኤክስ −9 ሲሆን 1.8፣ ኤክስ 0.9 ሲሆን −18፣ ኤክስ 2 ሲሆን 4፣ ኤክስ 11 ሲሆን 2.2። ግን እሱ ብቻ አይደለም። በቀኝ በኩል ከዋይ = 2 በታች ወርዶ፣ ቆርጦት፣ ተመልሶ ከሥር የሚጠጋ ግራፍ የሳለ ተማሪም መረጃውን በሙሉ ጠብቋል፤ የተሰጡት ነገሮች መሐል ላይ ስላለው መንገድ ምንም አላሉም። ከጎናችሁ የተቀመጠው የሳለው የእናንተን ስላልመሰለ ላጲስ አታንሱ።